ክብርት ወይዘሮ ቆይ እስቲ

ደስ ይበላችሁ፣ ተርፏል! የደረቱም የወገቡም የእጅጌውም፣ አንድ ሳይጎድል ተርፏል!

የተረፈው የሙሽሮች ልኬት ነው። ያተረፈችው ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ባለቤቴ፣ ክብርት ወይዘሮ ቆይ እስቲ። በየቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሻይ ሲቀዳ፣ በር ሲቆለፍ፣ ታክሲ ሲነሳ «ቆይ እስቲ!» የሚል። የእኛዋስ ሰው ሊያስነጥስ አፉን ሲከፍትም ሳትለው አትቀርም።

ላፕቶፗ እያቃሰተ አላሠራ ሲላት፣ ታናሽ ወንድሟ አዲስ ሃርድ ዲስክ ሊገጥምላት መጣ። ሙያው ሹፍርና ነው፤ «ቀላል ነው» ማለት ግን ነፍሱ ነው። ልኬቱ ሁሉ ያለው አሮጌው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ቅዳሜ የምትዳረዋ ልጅ ደግሞ ባሕር ማዶ ናት፤ የምትደርሰው ለሠርጉ ዋዜማ ስለሆነ እንደገና ትለካ ማለት የለም።

ክዳኑን ሲፈታ ተጀመረ።

«ቆይ እስቲ፣ ብሎኑን የት አደረግኸው?»

«እጄ ላይ ነው፣ እትዬ።»

«ቆይ እስቲ፣ አዲሱ ደህና ገብቷል?»

«ገብቷል አልኩሽ!»

አልገባም ነበር። ማሽኑ «ዲስክ የለም» ብሎ ድርቅ ሲል ላቡ ጠብ አለ። ፈቶ እንደገና አጥብቆ ገጠመው።

አሮጌውን በኬብል ከጎን ሰክቶ፣ ሲስተሙን ከፍላሽ መጫን ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ዲስኮች ተደረደሩ፤ መጠናቸው እኩል፣ ስማቸው ቁጥር ብቻ። አንዱን መረጠ። ማሽኑ «ያለበት ሁሉ ይጠፋል፤ ልቀጥል?» አለው። «አዎ»ን ሊጫን ጣቱን አነሳ።

«ቆይ እስቲ!»

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«አሮጌውን ንቀልና ስጠኝ። እዚያ ተጋድሞ ሳየው ልቤ አልቻለም።»

«እትዬ፣ ሕፃን እኮ አይደለም! ምን ይነካዋል?»

«ስጠኝ አልኩህ!»

አፏን ለማዘጋት ነቅሎ ሰጣት። ጉያዋ ሸጎጠችው። ዝርዝሩን ሲያድሰው አንድ ዲስክ ብቻ ቀርቷል፤ ያ የመረጠው የለም። ሊያጠፋው የነበረው እሷ ጉያ ውስጥ ነው።

ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ሲስተሙን አዲሱ ላይ ጫነ፣ ልኬቱን ገለበጠላት። ከዚያ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጎትቶ ጉዱን በሹክሹክታ ነገረኝ።

«ጋሼ፣ በሞቴ እንዳትነግራት! ካወቀችማ ከእንግዲህ ማን ይችላታል?»

እውነቱን ነው፣ ማንም አይችላትም። ግን ይቺ ሴት ለእኛ ስትሰጋ፣ እኛ ስንስቅባት ነው የኖርነው። አንዴ እንኳ ደረቷን ነፍታ ትሂድ እንጂ! መቀሷ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማኛል፤ የሙሽሪትን ጨርቅ ይዛለች። በሉ ይብቃኝ፣ ሄጄ ልንገራት።