ሽማግሌዎቼን ጭኖ ሚዛን ላይ የወጣው ቤቴ

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝ ለጠላትም አይድረስ!

ቤቴን ትራፊክ አስቆመችው።

አዎ፣ ቤቴን! በትክክል ነው ያነበባችሁት።

አዲስ ለሆናችሁ፦ የቃሊቲ ልጅ ነኝ። ያረጀ ቅጥቅጥ አውቶብስ ገዝቼ፣ ወንበሮቹን ነቃቅዬ፣ አልጋና ኪችን አስገብቼ ቤት አደረግኩት። ስምንት ወር ሙሉ ፎቶ ስለጥፍ "ዋው" ስትሉኝ ከረማችሁ። አንዳችሁ እንኳን "ፈቃዱስ?" አላላችሁኝም!

ዛሬ ደግሞ ተራ ቀን አልነበረም። ለፍቅረኛዬ ለሕይወት ሽማግሌ የምልክበት ቀን ነው። ወላጆቿ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። የአባቷ ጥያቄ አንድ ብቻ እንደሆነ ነግራኛለች፦ "ልጄን የት ያኖራታል?"

እኔ ጅሉ ምን አሰብኩ? ሽማግሌዎቹን በቤቱ ልውሰድ! አባትየው በመስኮት ያዩታል፣ አለቀ!

ሦስቱን አባቶች ሶፋ ላይ አስቀመጥኩ። መሪያቸው ጋሽ ለማ ናቸው፤ ክር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን። በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም። ለዚህ ነው የመረጥኳቸው (ወይ ምርጫ!)።

ከቃሊቲ ሳንወጣ ትራፊኳ እጇን ዘረጋች።

"ሊብሬው ሃያ አራት ሰው ይላል። ወንበሮቹስ?"

"አወጣኋቸው። አሁን ቤት ነው።"

"ማን ፈቀደልህ? መንጃ ፈቃድ!" ሰጠኋት። "ይሄ እኮ የአውቶሞቢል ነው! ወንበር ስላወጣህ አውቶሞቢል ይሆናል?"

እውነት ልናገር? እኔ ይሆናል ብዬ ነበር!!

ጎንበስ ብላ ጎማውን አየች። ባሌስትራው ከጭነት ብዛት ተኝቷል። አጠገባችን ያለ የብረት መጋዘን ሚዛን ላይ አስወጣችኝ። ከተፈቀደው በላይ አንድ ቶን ተኩል!

"ምንድን ነው የጫንከው?"

ከአልጋው ኋላ ሮቶ አለ። አንድ ሺህ ሊትር፣ ጢም ብሎ የሞላ። ኮዬ ፈጬ ለመሄድ ያ ሁሉ ውሃ ምን ሊሠራ? ትሉ ይሆናል። ትናንት ውሃ መጣቻ! ውሃ መጥታ ሮቶ ሳይሞላ የሚያድር የአቃቂ ሰው አሳዩኝ!

ጋሽ ለማ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። ሽማግሌ አይደሉ? ሽምግልና ጀመሩ። "ልጄ፣ ዛሬን እለፊው፣ የትዳር ጉዳይ ነው።"

"አባባ፣ ይሄ ፍሬን ይህን ሁሉ አይችልም። ቁልቁለት ላይ ቢለቀቅ ውስጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።"

ሦስቱ ተያዩ። ፈንጠር ብለው መከሩ። ተመለሱ።

"እውነቷን ነው" ብለው ፈረዱብኝ። የገዛ ሽማግሌዎቼ!

ውሃውን ክፈት ተባልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግማሽ ሰፈር ጄሪካን ይዞ ተሰለፈ። "ቤትህን ይባርከው!" እያሉ ይመርቁኛል፤ ቤቴ ሊታሰር ነው! ውሃው አልቆም ግማሽ ቶን ተረፈ። ብየዳ የሚሠራው ጓደኛዬ ለካ ኪችኑን በግቢ በር ብረት ነው የሠራልኝ።

ታሰረ።

በሚኒባስ ተጋፍተን ሁለት ሰዓት አርፍደን ደረስን። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ብሎኩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ጋሽ ለማ ቀስ ብለው ወረዱ።

"ምን አሉ ጋሼ?"

"'ልጁ ቤት አለው ወይ?' አሉን። 'አለው' አልናቸው።"

ተመስገን!

"'የት?' ሲሉኝ መቼም አልዋሽ፤ 'ትራፊክ ጋ ታስሯል' አልኳቸው።"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!!

"እና... እሳቸውስ?"

"'ቤቱ ሲለቀቅ ተመለሱ' ብለዋል።"

ማምሻውን ሕይወት ቴክስት ላከች፦ "አባዬ እስኪያለቅስ ሳቀ። የፍሬኑን ሲሰማ ግን ሳቁን አቆመ።"

እኔም ያኔ ነው የደነገጥኩት፣ እውነተኛውን ድንጋጤ። ሦስት ሽማግሌ ይዤ ያን ቁልቁለት ልወርድ ነበር እኮ! ስምንት ወር የመጋረጃ ከለር ሳማርጥ፣ አንድ ጠዋት ፈቃድ ሰጪዎቹ ጋ ሄጄ "ይቻላል ወይ?" ብል ምን ነበረበት?

እስቲ ሳታሽሞነሙኑ ንገሩኝ፦ እናንተ ብትሆኑ ልጃችሁን ትሰጡኝ ነበር?