የሥላሴ ማኅበር ጽዋና በገዛ እጄ የሠራሁት እጀታ

ዛሬ ጎባ እናቴ ቤት የሆነውን ብነግራችሁ ማስረጃ አምጪ ትሉኛላችሁ። ማስረጃው ነጠላዬ ላይ አለ፤ ጠላ ጠላ ይሸታል!

ባለፈው ወር ስለ እናቴ የሥላሴ ማኅበር ጽዋ የለጠፍኩትን አንብባችኋል። ጽዋ ያልኳችሁ ባለ አንድ እጀታ ትንሽ የሸክላ ገንቦ ናት። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በተራ ይደግሳሉ፤ ባለተራው ጠላ ሞልቶ ለቀጣዩ ያስረክባታል።

"ቅድመ አያቶቻችን ከሸዋ ዘምተው ባሌ ሲሰፍሩ በበቅሎ ጭነው ያመጧት" ብዬ ጻፍኩ። እጀታዋ ላይ ያሉት ሦስት መስመሮች የሥላሴ ምሳሌ መሆናቸውንም አብራራሁ።

ላይኩ ጎረፈ! ሼሩማ አይወራ!

ያልነገርኳችሁ ነገር ቢኖር ፎቶዋን ሳነሳ እጀታዋን መስበሬን ነው።

እናቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "በእኔ ተራ! ያን ሁሉ ዘመን በኖርኩበት ማኅበር! አሁን ምን ብዬ ላስረክብ?"

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። ችግር ሲመጣ አልጮኽም፤ አጣራለሁ።

አጣራሁ። ኤክስትሩደር የሚባል መሣሪያ አለ፤ የሸክላ ጭቃን እንደ ጥርስ ሳሙና ገፍቶ ያወጣል። አፉ ላይ የሚገጠመው ባለ ቀዳዳ ብረት ዳይ ይባላል። ጭቃው የቀዳዳውን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ሮቤ ያለ አንድ በያጅ ከቧንቧ ቁራጭና ከመኪና ክሪክ አበጀልኝ።

ዳዩን ግን በእጄ!

የስባሪውን ጫፍ ወረቀት ላይ አሳርፌ ዙሪያውን በእርሳስ ተከተልኩ። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ስለሚያንስ ትንሽ አሰፋሁት። ከዚያ አሉሚኒየም ላይ ለጥፌ መሰርሰር፣ መሞረድ፣ አሁንም መሞረድ።

የመጀመሪያው ጭቃ ጠርዙ እንደ መጋዝ ተቦጫጭቆ ወጣ። ዳዩ ገና በቅጡ አልተሞረደም ነበር።

ሁለተኛው እንደ ሙዝ ተጣመመ። ቀዳዳዬ መሀል ላይ አልነበረም። ሌላ ዳይ ቆረጥኩ።

ከዚያ ወጣ! ለስላሳ፣ ረጅም፣ ሦስቱ መስመሮች ከዳር እስከ ዳር! (ጎረቤታችን በአጥር አሾልኮ "ማካሮኒ ጀመርሽ እንዴ?" አለኝ። ቅናት ነው።)

ቆርጬ ጎበጥ አደረግኩት፤ አደረቅኩት፤ በኩበት ተኮስኩት፤ ጽዋዋ ላይ በኤፖክሲ አጣበቅኩት። እናቴ በመነጽርም ያለ መነጽርም አየችውና "ቁርጥ እሱን!" አለች። የዚያን ቀን ኩራቴን ባያችሁ!

ዛሬ የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪያቸው፣ ጋሼ ታደሰ ናቸው። እሳቸው ጸሎቱን አሳረጉ። ተረካቢዋ እትዬ አስካለ ተነሱና ጽዋዋን በእጀታዋ ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

እጀታው ደረሰ።

ጽዋዋ ወረደች!

ጠላው የእትዬ አስካለን ቀሚስ፣ የጋሼን ካልሲና የእኔን ነጠላ አዳረሰ። ጽዋዋ ምንጣፉ ላይ ገል ሆናለች። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

(እውነታው ይታወቅ ዘንድ፦ እጀታው አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ጥፋቱ የማጣበቂያው ነው።)

ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። "እናቴ ጥፋት የለባትም። ከሸዋ በበቅሎ የመጣችውን ቅርስ የሰበርኩት እኔ ነኝ።"



ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የበቅሎዋን እንኳ እኔ ነኝ የሰበርኳት። ጋሪ ተገልብጦብኝ። መሳይዋን ሮቤ ገበያ ገዝቼ አስረከብኩ።"

"ያ ዋቃ!" ጮኹ እትዬ አስካለ። "ታዲያ እኔ የሰበርኳት የርስዎን የገበያ ዕቃ ነው? ስንት ዓመት ሙሉ ሥላሴ ፊት ስሳቀቅ! ደብቄ ሌላ ገዝቼ!"

ከግድግዳው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

"እትዬ አስካለ፣ የርስዎንም እኔ ሰብሬያታለሁ። ይቺኛዋ ጎሮ ወርጄ ያሠራኋት ናት።"

እናቴ!

"እማዬ፣ ሦስቱ መስመሮችስ?"

"የሠሪዋ ጣቶች ናቸዋ! እጀታውን በእርጥብ እጇ ስታለሰልሰው ቆሜ እያየሁ።"

ከሸዋ የዘመተችው ጽዋ የባሌ ጭቃ ሆና አረፈችው! እኔ ደግሞ የአንዲት የጎሮ ሴትዮን የጣት ምልክት በሥላሴ ስም ስሞርድ ከርሜያለሁ።

"ታዲያ ያን ሁሉ ስጽፍ ለምን ዝም አልሽ?"

"መች ጠየቅሽኝ? ለጥፈሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው ያነበብሽልኝ። ደግሞ ያምር ነበር።"

ጋሼ ታደሰ እርጥብ ካልሲያቸውን እያወለቁ በሳቅ ፈረሱ። ሁሉም ተከተለ። እትዬ አስካለ እጀታዬን በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉና ብብታቸው ሥር ከተቱት።

"ተረክቤያለሁ" አሉ። "ጎሮ ወርጄ ልኩ የሆነች ገንቦ እፈልግለታለሁ። አንቺም ይሄኛውን አሳምረሽ ጻፊው!"

እናቴ እልል አለች። ከዚያ ጠላ አስቀዳች፤ በብርጭቆ።

ስንት ባለሥልጣን ፊት ማይክ ደቅኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ኑዛዜ በአንድ ከሰዓት ሰምቼ አላውቅም። "ሁለት ምንጭ ሳታረጋግጡ እንዳትጽፉ" እያልኩ ጀማሪዎችን የማሰለጥነው እኔ ነኝ! ዋናዋ ምንጭ ግን ምሳዬን ታቀርብልኝ ነበር።

እናንተስ? ሳሎናችሁ ያለው "የቅድመ አያት ዕቃ" ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ እናታችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?