የመግቢያው ገጽ አጋፋሪ

በር ባለበት ሁሉ፣ በሩ ላይ ቆሞ «አንተ ደግሞ ማነህ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ድሮ በትር ይዞ ይቆም ነበር፤ ዛሬ ኪቦርድ ይዞ ተቀምጧል።

የእኛው የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። «አጋፋሪ» እንለዋለን። ኮምፒውተሮቻችን የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሶፍትዌር ነው፤ ጠዋት ስንከፍታቸው የሁላችንም ስም መግቢያው ገጽ ላይ ተደርድሮ ይወጣል። ስም የሚጨምረው፣ የሚሰርዘው፣ ሲያሻው የሚደብቀው እሱ ብቻ ነው። በየስማችን ጎን ሥዕል ያደለንም እሱ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ንስር፣ ለእኔ ኤሊ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ የይለፍ ቃላቸው ጠፋባቸው።

«እኔን አታውቀኝም እንዴ?» ብለው ጮኹ።

«እኔማ አውቅዎታለሁ» አለ አጋፋሪ፣ ስክሪኑን በአገጩ እየጠቆመ፤ «ያላወቀዎት እሱ ነው።»

ጸሐፊያችን ደግሞ የልጇን ስም የይለፍ ቃል ብታደርግ ግንባሩን ያዘ።

«ልጅሽን ሰፈሩ በሙሉ ይጠራው የለም እንዴ? ማንም የማይጠራው ስም አድርጊ!»

«እንግዲያው የባሌን እህት ስም አደርጋለሁ።»

«ቁጥር ጨምሪበት» አለ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። «ለእናትሽም እንዳትነግሪ!»

ከሁሉም የከፋው ግን በሩ ላይ የለጠፈው አዋጅ ነው፦ «ዘጠና ቀን ያልገባ ተጠቃሚ ከነፎልደሩ ይሰረዛል።» ቀልዱን አይደለም። የተዛወረ ባልደረባችንን የሽኝቱን ኬክ ሳንቆርስ ሰርዞታል።

እኔ ደግሞ ጉድ ነበረብኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ግጥሜ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ማንም እንዳይከፍተው ፎልደሩን «የስብሰባ ቃለ ጉባኤ» ብዬዋለሁ። ሌላ ቅጂ የለኝም፤ ፍላሽ ይዞ ኮምፒውተር መጠጋት በአጋፋሪ ዘንድ ክብሪት ይዞ ነዳጅ ማደያ መግባት ነው።

በዚህ መሀል ከመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ወደቅሁና እግሬ ተሰበረ። ሐኪሙ «መቶ ቀን» አለኝ። ሌላው ስለ እግሩ ያለቅሳል፤ እኔ አልጋዬ ላይ ጄሶዬን አቅፌ አንጎራጎርኩ፦

አንቺ መግቢያ ገጽ፣ የደጄ መብራቴ፣
ስሜን እንዳትረሺ ሳይጠገን ስብራቴ።

በሰማንያኛው ቀን አላስችል ቢለኝ ደወልኩ።

«አጋፋሪ፣ በናትህ ስሜን እንዳትነካ!»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ! ድምፄን ትሰማ የለ?»

«ድምፅ ይመሳሰላል» አለና ዘጋብኝ።

በመቶ አንደኛው ቀን በክራንች እያነከስኩ ገባሁ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ስሜ አለ! ኤሊዋም አለች፤ የኋላ እግሯ ላይ ግን ነጭ ፋሻ ተስሎባታል።

ጸሐፊዋ ጠጋ ብላ «ሰኞ ሰኞ ጠዋት ግራ ቀኙን እያየ ወንበርህ ላይ ይቀመጥና በአንተ ስም ገብቶ ይወጣ ነበር፤ ሕጉ እንዳይቆጥርብህ» አለችኝ። «ልክ እንደ ሌባ!»

ዕንባዬ መጣ። ሮጬ ላቅፈው ብል እግሩ የለኝም። ጠረጴዛው ድረስ አዘገምኩና አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

«ሰባተኛዋ ግጥምህ ቤት አትመታም።»

«አንብበኸዋል እንዴ?»

«እኔ? የሰው ፎልደር?» አለና ስክሪኑ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። «ቃለ ጉባኤ መስሎኝ ነው።»

ሄጄ አየኋት። እውነቱን ነው፤ አትመታም።

የዚያኑ ቀን የይለፍ ቃሌን በእሱ ትክክለኛ ስም ቀየርኩት። «አጋፋሪ» ስንለው ኖረን ማንም የማይጠራው ስም የእሱ ሆኗልና ሕጉን አሟልቻለሁ። ቁጥርም ጨምሬበታለሁ።

ይህን ሲያነብ የሚለው ከአሁኑ ይሰማኛል፦ «ለእናትህም አትንገር ብልህ፣ ለአገር ነገርክ!»