የጋሽ ኃይለመስቀል ነጭ ጥላ

በየሰፈሩ አንድ ኮምፒውተር የተማረ ጡረተኛ አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ገና አልተመሠረተም ማለት ነው። ሐረር ከግንቡ ውጭ ላለነው ለእኛ የደረሱን ክቡር ሊቀ ጥላ ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ አልተቃወሙም።

ጋሽ ኃይለመስቀል ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት ሠርተዋል። ያኔ ሥራ የቀዘቀዘ ቀን ጨለማው ክፍል ውስጥ ቁልፍ ወይም ቅጠል ፎቶ ወረቀት ላይ ያስቀምጡና መብራት ቦግ ያደርጉበት ነበር። ወረቀቱ ይጠቁራል፤ ዕቃው ያረፈበት ብቻ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱም መድኃኒቱም ከገበያ ሲጠፋ ጡረታ ወጡ፤ አሮጌ ስካነር ሲገዙ ከጡረታ ተመለሱ። ዘዴውን ለጠየቀም ላልጠየቀም ያስረዳሉ፦ "ስካን ታደርጋለህ፣ ቀለሙን ታወጣለህ፣ ነጩን ወደ ጥቁር ትገለብጣለህ፣ በቃ።" በቃ ይላሉ እንጂ በቅቷቸው አያውቅም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምደብቅባቸው የእናቴን ዳንቴል ነበር። እናቴ ወይዘሮ ለተማርያም ለእኅቴ ለሩት ሠርግ የጠረጴዛ ልብስ ትሠራለች። ጥለቱ ያለው አያቴ በሠራችው አንዲት ቁራጭ ላይ ብቻ ስለሆነ ቀዳዳውን እየቆጠሩ መቅዳት ነው። አጋማሹ ላይ ስትደርስ የዓይን ሞራ ያዛት። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሰኔ ነው፤ ሠርጉ ሚያዝያ። ቁራጩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ትቆጥራለች፣ ትሠራለች፣ መልሳ ትፈታለች። "ክሩ ነው ብልሹ" ትላለች። አንድ ቀን ኪሮሹን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታለቅስ አይቻታለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቁራጯ ከቤት ወጥታ እንድትጠፋብን አልፈለግሁም።

ምክንያቱም ጋሽ ኃይለመስቀል "ለአንድ ደቂቃ ብቻ" ካሉ ዕቃህን እርሳው። ባለባጃጁ ነስሮ ቁልፉን ሰጥቷቸው ሦስት ተሳፋሪዎች የቁልፉ ጥርስ በምስሉ ላይ እስኪጠራ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው ጠብቀዋል። ሌላ ቀን ደግሞ የራሱን እጅ ስካነሩ ላይ አስቀመጡለት። ነስሮ ጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ የወጣውን መዳፉን ሲያይ ወለም ያለው አውራ ጣቱ ትዝ አለውና "ጋሼ፣ ራጁ ምን ይላል?" አላቸው። አቅርበው አዩት። "ከላይ ሲታይ ደህና ነህ" አሉት። አልሐምዱሊላህ ብሎ ሄደ።

ቀጥሎ የጫቱ ጉዳይ መጣ። በየማለዳው ጫት ሻጯ ዋፊቃ ዘንድ ብቅ እያሉ አንዲት ዝንጣፊ ጫት ይገዙ ጀመር። "ወላሂ አይቅሙም፤ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንስተው አይተው ነው የሚወስዱት" ብትል ማን ሰምቷት። በሰባ ዓመታቸው ጀመሩ ተባለ። ወሬው የንስሐ አባታቸው ጆሮ ገባና አባ ሊመክሯቸው መጡ። ምስሎቹን አዩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሊወጡ ሲሉ የእጅ መስቀላቸውን ስካነሩ ላይ አገኙት።

በመጋቢት ጉንፋን ጥሏቸው ከእናቴ ጋር ልንጠይቃቸው ገባን። ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ የሚያህል የጫት ቅርንጫፍ ተሰቅሏል፤ ጥቁር ላይ ነጭ። እናቴ ገና ከበሩ ሳታልፍ "ሦስተኛዋን ቅጠል ትል በልቷታል፤ ሁለት ቦታ" አለች። ዞሬ አየሁ። ልክ ነበረች።

በማግስቱ የአያቴን ቁራጭ በገዛ እጄ ወሰድኩላቸው። "ቀዳዳው ቁልጭ ብሎ ይታይ፤ በትልቁ" አልኳቸው። ሦስት ቀን ድምፃቸው ጠፋ። በአራተኛው ቀን አራት ወረቀት በፕላስተር አያይዘው መጡ። ሥራው ያምራል። ችግሩ መሐሉ ላይ የጤና አዳም ዝንጣፊ፣ ጠርዙ ላይ የነስሮ ቁልፍ፣ ከፍ ብሎ የአባ መስቀል መኖሩ ነው።

"ጭር እንዳይል በኮምፒውተሩ ደርቤበት ነው" አሉ።

እናቴ ወረቀቱን በጣቷ ስትከተል ቆየች። "እጅዎ ይባረክ፣ ጋሽ ኃይለመስቀል። ግን ከቁልፉ ሥር ስንት ቀዳዳ አለ?"

ይህን አላሰቡበትም። "ዳንቴሉን ብቻማ ማንም ያወጣዋል፣ ወይዘሮ ለተማርያም" አሉ ቅር ብሏቸው። "የኔ ሙያ የቱ ላይ ነው ታዲያ?"

"ማንም አላወጣልኝም" አለች እናቴ። "ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀረው። ዓይኔ ደግሞ አያይም፣ ጋሼ።"

ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ክሩ ነው የምትለዋ ሴት። ጋሽ ኃይለመስቀል ወረቀታቸውን አጣጥፈው ወጡ። ተቀየሙ ብዬ ደነገጥኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። ቁልፉ የለም፣ መስቀሉ የለም፣ ቅጠሉ የለም። የአያቴ ዳንቴል ብቻ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ የሽምብራ ፍሬ አህሎ። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ዘርግታ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። እሳቸው አጠገቧ ቆመው አንገታቸውን አሰገጉ።

"ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ፣ ብርሃኑን ጋረዱኝ" አለቻቸው።

ይቅርታ ብለው ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ኪሮሹን አነሳች። አንድ መስመር ሠርታ ከወረቀቱ ጋር አስተያየችና ሳትፈታ ቀጠለች። እኒህን አስቸጋሪ ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ልነግራቸው ዞር ብል ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረዋት ይቆጥራሉ።