እትዬ ሀስና እና የረቡዕ ከሰዓቱ ብር

ባንክ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ የማይቀር ደንበኛ አለ፤ ጥበቃው በሩን ሳይከፍት ደጁ ላይ የሚቆም፣ "ነገ ይምጡ" ሲባል እውነትም ነገ የሚመጣ። መርሳ ላይ ይህ ሹመት የማንጎ ነጋዴዋ የእትዬ ሀስና ነው። ክብርነታቸውን ከሁሉ በፊት የተዋወቀው አቤቱታ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ወጣት ነው። ስሙ ይታገሱ ይባላል፤ በዚያ ወንበር ላይ እንዲህ ተብሎ መጠራት ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ሀስና ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። ወልድያ ያለው ደንበኛቸው ሙስዐብ ለአሥራ ሁለት ኩንታል ማንጎ ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ልኳል። ከእሱ ወጥቷል፤ እሳቸው ጋ ግን አልገባም። ልጁ ኮምፒውተሩን አየና፣ "ይታገሱ" አላቸው።

"ስምህንማ ደረትህ ላይ አነበብሁት። የጠየቅሁህ ብሬን ነው።"

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ።

"እትዬ፣ ኔትወርክ ይዞት ነው። አርባ ስምንት ሰዓት ይጠብቁ።"

"እሺ" አሉና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መጠበቅ ጀምረዋል ማለት ነው።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ማንጎውን በእምነት ያስረከቧቸው የጎረቤቷ የግራና ከተማ ገበሬዎች ቅዳሜ ዋጋቸውን ሊቀበሉ ይመጣሉ። "ባንክ ውስጥ ጠፋ" ቢሏቸው ማን ያምናል? ሃያ ዓመት ጠብቀው ያቆዩት ስም በአንድ ሳምንት ሊበላሽ ነው። ከሙስዐብም ጋር "ልኬያለሁ"፣ "አልደረሰኝም" ሲባባሉ እስከ ወላሂ ደርሰው ተኳርፈዋል።

እትዬ ሀስና መቼም ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቁበትም። አግዳሚው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ልጃቸው የላከችላቸው ብር ቀርቶባቸዋል። አንዲት ልብስ ሰፊም የሠራችበት አልደረሳትም። ከሰዓት ላይ እትዬ ሀስና ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው መጡ።

"ልጄ፣ የእኔ የተላከው ትናንት ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የጋሽ ደምሴ ዘጠኝ ተኩል። የዚህች ልጅ አሥር ሰዓት። የአንዳችን ቢሆን ኔትወርክ ነው እንበል። የሦስታችንም ከሆነ ግን ረቡዕ ከሰዓት የሆነ ነገር አለ።"

ይታገሱ ሦስቱን አቤቱታዎች ደረደራቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ አቤቱታ ሲጽፍ፣ አንዱን ከሌላው ጎን አስቀምጦ አይቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ደወለ፤ "ቆይ" ሲሉት ቆየ፣ ሲዘጉበት መልሶ ደወለ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መልሱ መጣ። የዚያ ከሰዓት ክፍያ ሁሉ ወደ ባለቤቶቹ ሒሳብ ሳያልፍ አንድ ቋት ውስጥ ተከማችቶ ተገኝቷል።

የእትዬ ሀስና ስልክ ጮኸ። መልእክቱን ለይታገሱ ሰጥተው ሦስት ጊዜ አስነበቡት። ለሙስዐብ ደውለው ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"እትዬ፣ ገብቶልዎታል እኮ።"

"የገባው የእኔ ነው። የጋሽ ደምሴ መች ገባ?"

የጋሽ ደምሴም የልብስ ሰፊዋም ሲገባ ነው እሳቸው ከባንኩ የወጡት። ከዚያ ወዲህ መርሳ ውስጥ የላከው ብር የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማንጎ መደባቸው ሆነ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ እትዬ ሀስናን ከሩቅ ሲያያቸው ስብሰባ ትዝ ይለዋል።

ባለፈው ወር ደግሞ የይታገሱ ተራ ደረሰ። ትንሳኤ ለምትባል እህቱ ለኮሌጅ ክፍያ በሌላ ባንክ በኩል የላከው ብር የውኃ ሽታ ሆነ። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን ነው። የዚያ ባንክ ወልድያ ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ ቢጠይቅ "ይጠብቁ" አሉት። ራሱ በየቀኑ የሚለው ቃል ነውና መከራከር አፈረ፤ ወደ ውጭ ወጣና ስልክ ደወለ። እትዬ ሀስና መደባቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ባገኙት ሚኒባስ ከተፍ አሉ።

ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ልጅ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። "እርስዎ የእሱ ምን ነዎት?"

"እናቱ ነኝ።"

ልጅቱ የእትዬ ሀስናን ሒጃብ አየች፤ በይታገሱ አንገት ላይ ያለውን ማተብም አየች። የወሎ ልጅ ናትና ምንም አልጠየቀችም፤ ወንበር ሳበችላቸው።

ብሩ ምዝገባው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ገባ። ይታገሱ "እናቴ አይደሉም" ብሎ ልጅቱን አላረማትም። እስከ ዛሬም ማንንም አላረመም።