የሚዜዎቹ ነፋስ

ሰው ፍርሃቱን ያለ ቦታው የሚያባክን ፍጡር ነው። እኛኑ ሐረሮችን ተመልከቱን። ማታ ጅብ በግንቡ ሥር ሲያልፍ እግራችንን ሰብሰብ አድርገን መንገድ እንለቅለታለን እንጂ አንጮኽም፤ አይጥ በጓዳ ሽው ካለች ግን መደብ ላይ ወጥተን ሰፈሩን እንጠራለን። መኪና ላይ ስንወጣስ የምንፈራው ምንን ይመስላችኋል? ቀሚሳችን እንዳይጨማደድ! እስቲ ልብ በሉ። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጓዝ የተቀመጠው በምን ላይ ነው? በነፋስ ላይ። ጎማ ውስጥ በታሰረ ነፋስ ላይ። ነፋሱ በልኩ ከሆነ ድሬዳዋ ያደርሳችኋል፤ ከልኩ ካለፈ ወይም ካነሰ ደግሞ ወዴት እንደሚያደርሳችሁ ዛሬ ላጫውታችሁ። እኔ ሳቅ የምወድ ሴት ነኝ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው አስቄ የተገሠጽኩ ነኝ። የዚያን ቀን ግን ሳቄን ደንገጎ ተራራ አናት ላይ ጥዬው ነው የወረድኩት።

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ አገሩ ሊገባ ከተነሳ አንድ ግሪክ ነጋዴ ላይ ወተት የመሰለች ፔጆ ገዝቶ ነበር። መኪናዋን በነጋ በጠባ ያጥባታል፣ መስታወቷን በእስትንፋሱ እፍ እያለ ይወለውላል። ጎማዋን ግን የሚመረምረው ፈረስ መጋላ ላይ እንደሚቆሙት ባለ መኪኖች ሁሉ በእግሩ ነው፤ በጫማው ጫፍ ጠለዝ ያደርግና «ደህና ነው» ይላል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የጎማው መልስ ምን እንደሆነም እንጃ። አንድ ቀን ጎሚስታው አብዶሽ ጎንበስ ብሎ አየና «ወላሂ ታደሰ፣ የፊቶቹ ጎማዎችህ ጥርሳቸው አልቋል፤ ድድ ብቻ ነው የቀራቸው» ቢለው፣ ወንድሜ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ጥርስ ምን ያደርግላቸዋል፣ ሥጋ አይበሉ!» እኔም አጠገቡ ቆሜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ግንቦት ላይ ጥሩወርቅን ዳርን። ጥሩወርቅ የሟች ታላቅ እህታችን ልጅ ናት። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ እሷ ከሆዴ ባትወጣም ከጀርባዬ ሳትወርድ ያደገች፣ ያለችኝ አንዲት እሷ ናት። ሙሽራው ደረጀ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ከአጎቱ ከአቶ ወንዳፍራሽና ከሚዜዎቹ ጋር በአሮጌ ጂፕ መጣ። ታደሰ ጂፕዋን ሲያይ ደረቱን ነፋ። «የእህቴ ልጅ በዚህ አትሄድም! በእኔ መኪና ነው የምትሄደው» አለ። ደስ አለን። እኔም እናቷን ተክቼ ልሸኛት ተባለ።

ሙሽራ ሊወስዱ የመጡ ሚዜዎች በዋዛ እንደማይገቡ ታውቃላችሁ። የሴት ወገን በሩን ይይዛል፤ እነሱ ይለምናሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይንበረከካሉ። የእኛ ቤት ፈላና በር አጠገብ ነው፣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ ወደ ውጭ ወጣ ብላ ቆማለች። ከልጃገረዶቹ አንዷ የጎማ መንፊያዋን ከመኪናዋ ጎን አየቻትና «ጉልበት አለን ካላችሁ እስቲ ጎማውን ንፉ፤ ያኔ ሙሽራችንን እንሰጣችኋለን!» ብላ ጮኸች። ይሄኔ ነው ጉዱ የፈላው። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አወለቁ። አንዱ ነፍቶ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል፤ ልጃገረዶቹ «ገና ነው! ገና ነው! ሙሽራችን ከባድ ናት!» ይላሉ፤ እኛ እልል እንላለን። ሙሽራውም ሳይቀር ነፋ። ታደሰ ጎማዎቹ ሲያብጡ እያየ ሰንጋ እንዳደለበ ሰው ይኩራራል። አራቱም ጎማ ከበሮ ሲሆን ነው በሩ የተከፈተው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል «ጎማ እኮ ልክ አለው» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

ተነሳን። ከፊት ታደሰና አቶ ወንዳፍራሽ፣ ከኋላ ሙሽሮቹና እኔ። ሚዜዎቹ በጂፓቸው ይከተላሉ። መኪናዋ ያን ቀን እንደ ወትሮዋ አልሄደችም፤ ትንሽ ጠጠር ባገኘች ቁጥር እንደ ፍየል ግልገል ትዘላለች። አወዳይን አልፈን አለማያ ስንደርስ ውሃ ልንጠጣ ቆምን። አንድ የጭነት መኪና ያላቸው ሽማግሌ ነጋዴ ሙሽራ አይተው ሊመርቁን መጡና መዳፋቸውን ጎማው ላይ አሳረፉ፤ ወዲያው መንጭቀው አነሱት።

«ሱብሃነላህ! ጥርስ የለው፣ ነፋሱ ከልክ አልፏል፣ ደግሞ ግሏል! ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀት ነው የሚጠብቃችሁ፤ ነፋስ ሲሞቅ ይብሳል። ልጆቼ፣ ሳታስተነፍሱት እንዳትወርዱ» አሉ።

ታደሰ እጁን ወደ ጎማው ሰደድ ሲያደርግ አቶ ወንዳፍራሽ ዞር አሉ። «ምኑን ነው የምታስተነፍሰው? የልጆቼን ጉልበት?»

የታደሰ እጅ ባለበት ቀረ። ምን ይበል? ሚዜዎቹ ላባቸውን ጠብ አድርገው የሞሉት ነፋስ ነዋ! እሱን መንገድ ላይ መድፋት ስጦታ ተቀብሎ እደጅ እንደ መጣል ነው። ደግሞስ ሙሽራ ይዘው እየሄዱ ጎማ ማስተንፈስ ምን የሚሉት ምልኪ ነው? እኔም አፌን ይዤ ቀረሁ። አክስት ነኛ! አማቾቿን በመጀመሪያው ቀን አስቀይሜ ልመለስ? እኔ ወደ ሐረር እመለሳለሁ፣ ኩርፊያውን ተቀምጣ የምትቀበለው ልጄ ናት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው «አላህ ይጠብቃችሁ» አሉን። አነጋገራቸው የምርቃት አልመሰለኝም። ይሉኝታችንን ጭነን ሄድን።

ደንገጎ አናት ላይ ስንደርስ ሞተሩ ስለ ጋለ ቆምን፤ የሚዜዎቹ ጂፕ ገና ከኋላ ናት። ወደ ታች አየን። ባናይ ይሻል ነበር። ከሥራችን ባለው መጠምዘዣ ላይ አንድ የጭነት መኪና በጎኑ ተኝቷል፤ ሽንኩርቱ በገደሉ ላይ ተበትኗል፤ ሰው ተሰብስቧል። መንገዱ መሐል የተተረተረ ጎማ ተዘርግቶ ይታያል፣ ልክ የታረደ በሬ ቆዳ መስሎ። ወደ ላይ የሚወጣ አንድ መንገደኛ «ሾፌሩ ተርፏል፤ እግሩ ግን እንጃ» ብሎን አለፈ። ደረጀ ክራቫቱን ላላ አደረገ። አቶ ወንዳፍራሽ «ሽንኩርቱ ያሳዝናል» አሉ። ስለ ጎማ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ሁላችንም «ወጣ ብዬ ልምጣ» እያልን ተበታተንን። ሙሽሪት ብቻ ቬሏን እንደ ተከናነበች መኪናው ውስጥ ቀረች። እኔ ቋጥኝ ተከልዬ ትንሽ ቆየሁና ሰው እንደሌለ ሳይ በእኔ በኩል ወዳለው የኋላ ጎማ ተመለስኩ። ጫማዬ ውስጥ እሾህ የገባ አስመስዬ ቁጢጥ አልኩ፤ ነጠላዬን ዘረጋሁ፤ መርፌ ቁልፌን ነቅዬ የነፋስ መግቢያውን ጫን አደረግሁት። ፍስስስስ! ድሬዳዋ ድረስ የተሰማ መሰለኝ። ድምፁን ለመሸፈን ሳልኩ፣ አንጎራጎርኩ፣ ደግሞ ሳልኩ። ሲበቃው አቆምኩ። ሲበቃው ያልኩት ለእኔ ሲመስለኝ ማለቴ ነው፤ የጎማ ልክ ምን አውቄ!

ሁሉም ሲመለስ ፊቱ ፈካ ብሏል። ታደሰ ያፏጫል። አቶ ወንዳፍራሽ እጃቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። የደረጀ አዲስ ሱሪ ጉልበቱ ላይ አቧራ ነክቶታል። «ገብርኤል አረጋጋቸው» ብዬ አመሰገንኩ።

ቁልቁለቱን ጀመርን። በመጀመሪያው መጠምዘዣ ላይ፣ የተገለበጠውን መኪና ስናልፍ፣ መኪናችን ወገቧን ነቀነቀች። በሁለተኛው ላይ ጎማዎቹ አለቀሱ። ታደሰ መሪውን ይጎትታል፣ መኪናዋ ግን ቆይታ፣ አስባበት፣ ሲያሻት ትዞራለች። የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። እኔ አንዱን ጎማ ብቻ ነው የነካሁት፣ ታዲያ ለምን አራቱም ሰከሩ? የጥሩወርቅን እጅ ጨበጥኩ፤ እጃችን ረጥቧል፤ ላቡ የእኔ ይሁን የእሷ አላውቅም። አቶ ወንዳፍራሽ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ይሳላሉ፤ በአንዱ መጠምዘዣ ጃንጥላ፣ በሌላው ምንጣፍ፣ ቁልቁለቱ በረዘመ ቁጥር ስለቱ ይጨምራል። አንድ ትልቅ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ከታች ብቅ አለ። ታደሰ መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዘ፣ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ በጎኗ ተንሸራተተች። «ልጄን!» ብዬ ላይዋ ላይ ወደቅሁ። ቆምን። የፊት ጎማዋ ከገደሉ አፍ ላይ የተደረደረውን ድንጋይ ነክሷል። ጠጠር ወደ ታች ሲንከባለል ሰማሁ፤ ሲደርስ ግን አልሰማሁም።

በተራራው በኩል አንድ በአንድ ወጣን። አራቱም ጎማ መሬት ላይ እንደ ሊጥ ተዘርግቷል።

«ማን ነው የነካው?» አለ ታደሰ፤ ድምፁ ግን አልደፈረም።

«ሙቀቱ ይሆናል» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ።

«ቁልቁለቱም ይሆናል» አለ ደረጀ።

እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

ሙሽራ በሠርጓ ቀን ቃል አትናገርም። አንገቷን ትደፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ሥራዋ ያ ነው። የእኛዋ ግን ቬሏን ገለጠች።

«የምን ሙቀት? የምን ቁልቁለት?» አለች። «እኔ እኮ ውስጥ ተቀምጬ ሁላችሁንም አይቻለሁ! መጀመሪያ ጋሽ ታደሰ መጥቶ የፊቶቹን አስተነፈሰ። እሱ ሲሄድ አባባ ወንዳፍራሽ መጡ፤ እሱ የጨረሳቸውን ደገሙ። ደረጀ ተንበርክኮ የወዲያኛውን። እትዬ ይሄኛውን፣ እያንጎራጎረች! ሁላችሁም ፈርታችሁ ኖሮ ምነው አንዳችሁ እንኳ ብትናገሩ? እኔ ብቻዬን የፈራሁ መስሎኝ ልሞት!»

አቶ ወንዳፍራሽ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ጂፕዋ ደረሰች። ሚዜዎቹ ጎማውን ሲያዩ ማንንም ሳይጠይቁ ኮታቸውን አውልቀው መንፊያዋ ላይ ተረባረቡ። ጥሩወርቅ በነጭ ጫማዋ አቧራውን እየረገጠች መጥታ ታደሰን አፋጠጠችው።

«ስኮርታዋ፣ ትርፏ ጎማ፣ ጥርስ አላት?»

«አላት፤ አዲስ ናት እኮ!»

«ታዲያ ለምን ከኋላ ተቀመጠች?»

«አዲስ ስለሆነች፣» አለ ወንድሜ፣ «እንዳታልቅ ብዬ።»

እናንተዬ! ጥሩውን ጎማ እንደ ክት ልብስ አስቀምጦ በድዳሙ ደንገጎን ይወርዳል! ግን በእሱ ብቻ አትሳቁ። እናንተስ ሳጥን ውስጥ ምን ምን አስቀምጣችኋል?

ስኮርታዋ ገደሉን ወደሚያየው ወገን ገባች። ሚዜዎቹ ነፉ። ሙሽሪት እጇን ጎማው ላይ አድርጋ «ጨምሩ... ትንሽ... በቃ» አለች።

«ኧረ ሙሽሪት፣ ገና ነው!» አለ አንደኛው፣ ጉልበቱ ተነክቶ።

«በቃ አልኩ! የምሄድበት እኔ ነኝ!»

ቆሙ። ቀስ ብለን፣ በየመጠምዘዣው ጥሩምባ እየነፋን ወረድን።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሌላው ፍርሃት ጀመረኝ። ሙሽራ መንገድ ላይ ተናገረች፣ ቬሏን ገለጠች፣ ሚዜ አዘዘች! ጂፕዋ ደግሞ ቀድማን ሄዳለች፤ ወሬውን ጭና ነዋ። የደረጀ እናት እማማ አሰለፈች ሲያስነጥሳቸው እንኳ ሰፈሩ ጸጥ የሚል ሴት ናቸው አሉ። ከዚራ ደርሰን ልጅቷን ዳሱ ውስጥ አንገቷን አስደፍቼ ሳስቀምጣት ሴትዮዋ በጣታቸው ጠሩኝ። ጓዳ ገባን። በሩን ዘጉት።

«ልጅቷ መንገድ ላይ ተናገረች አሉ።»

«ፈርታ ነው እማማ፤ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ ያላስተማርኳት...»

«ሚዜዎቹን በቃ አለቻቸው አሉ።»

ልጄን ይዤ ልመለስ መሰለኝ። እማማ አሰለፈች እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። ክርናቸው ተጣሞ ቀርቷል፤ አይታጠፍም፣ አይዘረጋም።

«እኔ እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስመጣ በበቅሎ ነው» አሉ። «ኮርቻው እየላላ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ሙሽራ አትናገርም ተብያለሁና ዝም አልኩ። ገደል ሥር ነው ያነሱኝ።»

እጅጌያቸውን መለሱ። ወጥተው ልጅቷ አጠገብ ተቀመጡና ዳሱን የሞላውን ሕዝብ ሁሉ ጸጥ ባሰኘ ድምፅ «እንኳን ደህና መጣሽ። ቤቴ ውስጥ የላላ ነገር ካየሽ ንገሪኝ» አሏት።

ይኸው ጥሩወርቅ ከዚያ ወዲህ ስትነግራቸው ትኖራለች። የበሩ ማጠፊያ፣ የጣራው ቆርቆሮ፣ የሠራተኛዋ እጅ፣ የደረጀ ወገብ፣ ያላየችው የላላ ነገር የለም። ባለፈው ልጠይቃቸው ብወርድ እማማ አሰለፈች ያንን ክርናቸውን እያሻሹ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ያን ቀን ትንሽ ሳልቸኩል አልቀረሁም» አሉኝ።