የሸጋው ሙክትና ሯጩ

[ያን ዕለት በኅዳር ማለዳ ውርጭ ወርዶ የባቄላው ማሳ ነጭ ሆኖ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ባለው የገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ደጅ፣ ሸጋውና ሚስቱ እታገኘሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የማኅበሩ የቅስቀሳ ኃላፊ ሸጋው፣ ሙክቴን ሰረቀኝ ብሎ ሯጩን ታፈረን ከሶ አሳስሮታል። በእጁ ሙክቱ ታስሮበት የነበረውን ገመድ ይዟል። ምስክሮቹ ከበሩ አጠገብ ተሰልፈዋል።]

እታገኘሁ፦ ገመዴን መልስልኝ እንጂ! ማገዶ የማስርበት የለኝም።

ሸጋው፦ ይህ ከእንግዲህ ገመድ አይደለም፣ ማስረጃ ነው!

እታገኘሁ፦ ማስረጃ እንጨት አያስርም?

ሸጋው፦ ከሦስተኛ ክፍል ባትወጪ ይገባሽ ነበር። እስቲ እይው፤ ተቆርጧል?

እታገኘሁ፦ አልተቆረጠም። ተፈትቷል።

ሸጋው፦ ስለዚህ ሌባው ቢላ አልያዘም። ቢላ የማይዝ ማን ነው? ሯጭ! ይከብደዋላ።

እታገኘሁ፦ እኔም እኮ ቢላ አልይዝም።

ሸጋው፦ አንቺ ትሮጫለሽ?

እታገኘሁ፦ በዚህ ጉልበቴ?

ሸጋው፦ እንግዲያው ዝም በይ።

እታገኘሁ፦ ሌባውን ማን አየው?

ሸጋው፦ ማንም! ዋናው ማስረጃ እሱ አይደል? መንደር ሙሉ ሰው እያለ አንድም አላየው። እንዲህ ከዓይን የሚያመልጥ እግር በላስታ ከታፈረ ሌላ ማን አለው?

እታገኘሁ፦ ታዲያ ያላየ ሰው ምን ሊመሰክር ተሰለፈ?

ሸጋው፦ የሰማውን! ገበያው ሁሉ ሌባው ታፈረ ነው ይላል።

እታገኘሁ፦ ገበያው ከማን ሰማ?

ሸጋው፦ ከእኔ።

እታገኘሁ፦ አንተስ?

ሸጋው፦ እኔማ ከገበያው። [ትንሽ አስቦ] በሁለት ወገን ተረጋግጧል ማለት ነው!

እታገኘሁ፦ ልጁ እኮ እሁድ ደሴ ላይ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ይሮጣል። ዛሬ ከተፈረደበት ቀረ። እናቱ እህል አልቀመሰችም።

ሸጋው፦ ሕግ ልቅሶ አይሰማም።

እታገኘሁ፦ እስቲ እኔ ያየሁትን ልንገራቸው…

ሸጋው፦ ያየ አልፈለግንም! ሕዝብ የሰማው እውነት ነው። ለዳኛውም ቆሜ ተናግሬያለሁ።

እታገኘሁ፦ ሕዝብ የሰማው ሁሉ?

ሸጋው፦ ሁሉ!

እታገኘሁ፦ ደግ። ለአብዮት በዓል ከብልባላ እስከዚህ ሲሮጡ፣ ታፈረ ሁለተኛ ሆኖ ብቅ ሲል፣ አንተ ቋጥኝ ላይ ወጥተህ ምን ብለህ ጮህህ?

ሸጋው፦ «በርታ!» ነዋ።

እታገኘሁ፦ ከዚያስ?

ሸጋው፦ ምን አውቃለሁ፣ ሞቆኝ ነበር።

እታገኘሁ፦ «ጻድቁ ነአኩቶ ለአብ! ይህን ልጅ አንደኛ ካደረግህልኝ ሙክቴ የአንተ ነው!» አልህ። ልጁም አንደኛ ወጣ።

ሸጋው፦ [ዙሪያውን እያየ] ቀስ በይ! ስለት ኋላ ቀርነት ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ እኮ!

እታገኘሁ፦ አንተ ረስተኸዋል፣ ጻድቁ ግን አይረሱም ብዬ ፈራሁ። ጋሸና ለስብሰባ የሄድህ ጊዜ ሙክቱን ከገመዱ ፈታሁና፣ በመቀነቴ እየጎተትኩ ገዳማቸው ድረስ አድርሼልሃለሁ።

ሸጋው፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

እታገኘሁ፦ በረቱን አይተህ ቤት ሳትገባ ሮጠህ ከሰስህ። ልንገርህ ስል ዝም በይ፣ ልንገርህ ስል ዝም በይ። ደከመኝ።

ድምፅ ከውስጥ፦ ከሳሽ፣ ጓድ ሸጋው!

ሸጋው፦ አልተሳልኩም ብዬ እክዳለሁ! ስሳል ማን አየኝ?

እታገኘሁ፦ ያየህስ ላይኖር ይችላል። የሰማህ ግን… [ሰልፉን እያሳየች] እነዚያ ናቸው። ሁሉም ሩጫውን ሊያዩ መጥተው ነበር። ለመስማት ደግሞ ካንተ ምስክሮች የሚበልጥ የለም።

[ሸጋው ሰልፉን ያያል። ከሰልፉ አንዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳዋል።]

ሸጋው፦ [ገመዱን እያቀበላት] እንኪ፣ ማገዶሽን እሰሪ።

[ታፈረ ያኑ ዕለት ተፈታ፤ ደሴ ሮጦ እዚያው ቀረ። ሸጋው ዛሬም እዚያው መንደር ከእታገኘሁ ጋር ነው። የቀረቻቸው አንዲት ላም ናት፤ በሬዲዮ ሩጫ ሲተላለፍ አፉን በጋቢው ይይዛል።]